እግር እስኪያበቅሉ

ሃፊዛ የምታስተምራቸውን የኬጂ ልጆች ወደ ኩሬው የምትወስዳቸው በገመድ ነው። ገመዱ የመኪና መጎተቻ ነበር፤ ባሏ ኑሕ አየር ጤና ከሚሠራበት ጋራዥ አርጅቷል ተብሎ ሲጣል ያመጣላት ነው። አጥባ አደረቀችው፣ በየክንዱ ቋጠሮ አሰረችበት። አንድ ልጅ አንድ ቋጠሮ ይይዛል፤ ቋጠሮውን የለቀቀ ኩሬ አያይም። ከኬጂው በር እስከ ኩሬው ሩቅ አይደለም። ነገር ግን መንገዱ ባጃጅ ይገባበታል፣ ክዳኑ የተሰረቀ ቦይ አለበት፣ የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ድመት ካየ የእናቱን ስም ይረሳል። ገመዱ ከመጣ ወዲህ ቦይ የገባ ልጅ የለም።

ኩሬ ስንል እንግዲህ የድሮ ድንጋይ ካባ ነው። ድንጋዩ ተፈልጦ አለቀ፣ ፈላጮቹ ሄዱ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ በኬጂው ግንብና በአንድ ቆርቆሮ አጥር መሀል የተረሳ ቦታ ነው። ክረምት ይሞላዋል፣ በጋው ሲጠና ይደርቃል፤ በመሀሉ ባሉት ወራት እንቁራሪት ይፈላበታል። ሰፈሩ ስለ ኩሬው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ ይሸታል፣ ቢንቢ ያመጣል።

ሃፊዛ ኮልፌ ተወልዳ ኮልፌ ያደገች ናት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ከባንኮኒያቸው ጀርባ ሊያስቀምጧት አስበው ነበር፣ እሷ ግን የሙአለ ሕፃናት ዲፕሎማዋን ይዛ በዚያው ቀረች። ከአባቷ የወሰደችው አንድ ነገር አለ፤ ጨርቅ በዓይን አይገዛም፣ በጣት ይታሻል እንጂ። ስለዚህ ልጅ ያልነካውን ነገር አላስተምርም ትላለች። የኬጂው ዳይሬክተር ወይዘሮ ድንቅነሽ ደግሞ ልጅ የነካው ነገር ሁሉ ይታጠባል ባይ ናቸው። ሁለቱ ይህን ሁሉ ዓመት አብረው የሠሩት በዚህ ጭቅጭቅ ላይ ተደግፈው ነው።

የኩሬው ነገር የመጣው በፖስተር ምክንያት ነው። መስከረም ላይ “በውሃ ውስጥ የሚኖሩ” የሚለው ትምህርት ሲደርስ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን እንቁራሪት አሳየቻቸው። አረንጓዴ ናት፣ ዓይኗ ቀይ፣ ጣቷ ብርቱካን። ከየት አገር እንደ መጣች ፈጣሪ ይወቅ፤ ኮልፌ ግን አትኖርም።

“እንቁራሪት የት ነው የምትኖረው?” አለቻቸው።

ቀዳማዊ የሚባለው ልጅ እጁን አወጣ። “ቲቪ ውስጥ።”

የሳቀበት የለም። ሁሉም ተስማምተዋል። በዚያው ሰዓት ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ከግንቡ ጀርባ እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ።

“ይኼ የሚሰማችሁስ የማን ድምፅ ነው?”

“የጄኔሬተር” አለች ሀያቱ፤ የክፍሉ መልስ አዋቂ እሷ ናት።

ሃፊዛ ፖስተሩን በዚያው ዕለት አወረደችው።

የመጀመሪያው ቀን ጉብኝት ለወሬም አይመችም። ልጆቹ እንቁራሪት እንዳዩ ድንጋይ አነሡ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ሁሉም ያውቁበታል። አንዱ “ሽንቷን ከረጨችብህ ኪንታሮት ታወጣለህ” አለ። ሌላው “ጥርስህን ከቆጠረች ይረግፋል” አለ። ይኼኛው ባሰ፤ ክፍሉ በሙሉ አፉን በእጁ ሸፈነ፣ አፍ ሲሸፈን ገመድ ተለቀቀ፣ ሃፊዛ ሁሉንም ሰብስባ ወደ ክፍል ስትመልስ አንድ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ሁለተኛው ቀን ነጭ ሳፋና የሻይ ማጥለያ ይዛ ወጣች። ሳፋው ነጭ መሆን አለበት፤ የእንቁራሪት ልጅ ጥቁር ስለሆነች ሌላ ቀለም ላይ አትታይም። ውሃው ከዚያው ከኩሬው ይቀዳል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ አፉ ክፍት ሆኖ ካላደረ ይገድላቸዋል። ከነኩ ደግሞ በረጠበ እጅ ነው፤ በቆዳዋም ስለምትተነፍስ ደረቅ እጅ ይልጣታል። እነዚህን ሁሉ ለልጆቹ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችላቸው፦ እጅ ይርጠብ፣ ይዞ መሮጥ የለም፣ አይተን እንመልሳለን። የመጨረሻውን በዜማ ያዙት። አራተኛ ዓረፍተ ነገርም ነበረች፤ ጣጣ ያመጣችው እሷ ናት። “ቤታቸው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሳሙናና ዘይት የነካው ውሃ ውስጥ መኖር አይችሉም” ብላቸዋለች።

ልጆቹ ጭራ ብቻ የሆኑትን ትንንሾች “ጅራታሞቹ” ብለው ጠሯቸው። ድንጋይ ማንሣት ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ቀዳማዊ ድንጋይ ያነሣ አንድ ትልቅ ልጅ ላይ ጮኸበት፤ ልጁ ደነገጠና ድንጋዩን ጣለ። ሃፊዛ ይህን አይታ ደስ ሊላት ሲል የቀዳማዊ እናት ዘመነች በር ላይ ጠበቀቻት።

“ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ልጄን የላክሁት ፍሮግ እንዲል ነው። ፍሮግ እንዲይዝ ነው እንዴ?”

“መጀመሪያ ይያዘው፤ ከያዘው በኋላ ስሙን አይረሳውም።”

“ጫማውስ? ጫማውን ማን ይርሳልኝ?”

ሃፊዛ ልጆቹ በኩሬ ቀን አሮጌ ጫማ ያድርጉ ብላ ለወላጆች አስነገረች። አሮጌ ጫማ ያደረገ አልመጣም። ይህች ነገር ሕይወቷን በሙሉ ተከትላታለች፤ አንድ ነገር ትናገራለች፣ ሰው ይሰማታል፣ እሺ ይላል፣ ከዚያ የነበረውን ይቀጥላል።

ጅራታሞቹ ገና እግር ሳያበቅሉ ጋሽ በየነ መጡ። ጋሽ በየነ ማዞሪያው ላይ ኪዮስክ አላቸው፤ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው፣ የቀዳማዊ አያትም። ክፉ ሰው አይደሉም። የሰፈሩ ቦይ ሲደፈን ሱሪያቸውን ሰብስበው መጀመሪያ የሚገቡት እሳቸው ናቸው።

“ቲቸር፣ ቅዳሜ ዘመቻ ነው” አሉ በሩ ላይ ቆመው። “ከጀርባችሁ ያለውን ውሃ ዘይት እናለብሰዋለን። ሰኞ ልጆቹን እዚያ እንዳታወጫቸው፣ ልብሳቸው ይበላሻል።”

ይህ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የሚደረግ ነው። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ይመጣል፣ የቆመ ውሃ ላይ ይደፋል፣ ዘይቱ ተዘርግቶ ውሃውን ይከድናል፣ የቢንቢዋ እጭ ትንፋሽ አጥታ ትሞታለች። አይሠራም ማለት አይቻልም። ይሠራል። ችግሩ ዘይት አይመርጥም።

“ጋሽ በየነ፣ ውሃው ውስጥ የእንቁራሪት ልጆች አሉ።”

“አውቃለሁ። ቀዳማዊ ቤት ከገባ ሌላ ወሬ የለውም። ራት ላይ ሳይቀር ስለ ጅራት ነው የምናወራው።”

“ሲያድጉ ቢንቢ ይበላሉ። ለእርስዎም ይጠቅማሉ።”

“ሲያድጉ። አሁን ግን ቢንቢዋ እኔን እየበላች ነው።”

“እግር እስኪያበቅሉ ድረስ ይታገሡኝ። እግር ካበቀሉ ራሳቸው ወጥተው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ።”

“መቼ ነው የሚያበቅሉት?”

“አንዳንዶቹ በቅርብ፣ አንዳንዶቹ ትንሽ ይቆያሉ። እንደ ብርዱ ነው።”

ጋሽ በየነ ሳቁ። “እኔ ሕዝቡን ‘ዘመቻው እንቁራሪት እግር እስክታበቅል ተላልፏል’ ልበል? ይስቁብኛል እንጂ ማን ይሰማኛል።”

ብዙ ከተመላለሱ በኋላ የኩሬውን ተራ ወደ ቀጣዩ ዘመቻ ገፉላት። ከዚያ አንዲት ቀን አይጨምሩም። ሃፊዛ አመሰገነቻቸው። ሊሄዱ ሲሉ ነው የጠየቀችው።

“ለመሆኑ ዘይቱን ከየት ነው የምታመጡት?”

“ከባልሽ ጋራዥ ነዋ” አሉ ገርሟቸው። “ሌላ ከየት ይመጣል?”

ኑሕ ከሥራ ሲገባ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ያዘችው።

“አንተ ነህ እንዴ ዘይቱን የምትሰጣቸው?”

“በየዓመቱ እንሰጣለን። ለሰፈር ጽዳት ነው፣ በነፃ። ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር መጣ?”

“ዘንድሮ ልጆቹ አይተዋቸዋል።”

ኑሕ እጁን በዱቄት ሳሙና እየፈተገ አሰበበት። “እኔ አልሰጥም ብል ጎረቤት ጋራዥ ይሰጣል። አየር ጤና ላይ የተቃጠለ ዘይት ጠፍቶ አያውቅም፣ ሃፊዛ።”

እውነቱን ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ያነጋገረችው ሰው ሁሉ እውነቱን ነበር።

ሐሙስ ቀን ኩሬው ዳር ሀያቱ ጠየቀቻት። “ቲቸር፣ ጋሽ በየነ ዘይት ያፈሳሉ አሉ። እውነት ነው?” ሃፊዛ ለልጅ አትዋሽም። እውነት ነው አለች፤ እግር ያበቀሉት ይወጣሉ፣ ያላበቀሉት መውጣት አይችሉም አለች። ልጆቹ ያን ቀን ዜማቸውንም አላዜሙም። ሃፊዛ ገብቷቸዋል ብላ አሰበች። በእርግጥም ገብቷቸዋል።

በዚያ ሳምንት የውሃ ፈረቃ ተዛብቶ ሰፈሩ ደርቆ ሰንብቷል። ዓርብ ላይ ውሃው መጣ። የኮልፌ ሰው ውሃ ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሮቶ ይሞላል፣ በርሜል ይሞላል፣ ባኞ ይሞላል፣ ድስት ሳይቀር ይሞላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ልጆቹ ከታላላቆቻቸው ጋር ኩሬው ዳር ታዩ፤ ሁሉም ሃይላንድ ይዘዋል፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ። ያያቸው ሰው ጨዋታ መስሎት አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ሃፊዛ ኬጂው ስትደርስ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ከፊት ዘመነች ናት፣ በእጇ ጆግ ይዛለች። ጆጉ ውስጥ ሦስት ጅራታሞች ይዋኛሉ።

“የሻይ ውሃ ልጥድ ብዬ ነው የቀዳሁት” አለች ዘመነች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። “ከሮቶው ነው የቀዳሁት። ሮቶው ሙሉ ነው፣ ቲቸር። ይኼን ሁሉ ቀን ጠብቄ የሞላሁት ሮቶ ነው።”

ከኋላዋ ያለችው ባኞዋን ደፍታ ነው የመጣችው። ሌላዋ በርሜሏን። ሁሉም ልጃቸውን ጎትተው ይዘዋል።

ሃፊዛ ተንበርክካ ሀያቱን አየቻት። “ሀያቱ፣ ለምን ሮቶ ውስጥ?”

ሀያቱ ጥያቄው ራሱ ገረማት። “ንጹሕ ውሃ ነው ቤታቸው አልሽን እኮ። ኩሬው ዘይት ሊሆን ነው። እኛ ቤት ንጹሕ ውሃ ያለው ሮቶ ውስጥ ነው።”

ልጆቹ የተማሩትን አንድም ሳያጎድሉ ሠርተዋል። እጃቸውን አርጥበዋል፣ ይዘው አልሮጡም፣ ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ንጹሕ ውሃ ፈልገው አግኝተዋል። ሃፊዛ የምትቆጣው አጣች። ራሷን ልትቆጣ ስትል ደግሞ ጋሽ ጀላል ባልዲ አንጠልጥለው ደረሱ።

ጋሽ ጀላል የመስጊዱ ኻዲም ናቸው፤ ምንጣፉን ይጠርጋሉ፣ መብራቱን ያጠፋሉ፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ ይሞላሉ። የመስጊዱ ሮቶ ደግሞ በሰፈሩ ከሁሉ ንጹሕ እንደሆነ ልጅም ያውቃል።

“አሰላሙ ዐለይኩም” አሉና ባልዲውን ሃፊዛ እግር ሥር አስቀመጡት። ባልዲው ጥቁር በጥቁር ነበር። “ከፈጅር ሶላት ጀምሮ በማጥለያ ሳወጣ ነው ያረፈድኩት። ወገቤ ተቆረጠ።”

“ጋሽ ጀላል፣ አፉ ይበሉኝ…”

“ተይ፣ ስሚኝ። ውሃው አልተነጀሰም፣ አልረከሰም፤ ኢማሙን ጠይቄአለሁ። ነገር ግን ሰው ውዱእ ሲያደርግ ተጉመጥምጦ ጅራት ከተፋ ጉዳዩ ሌላ ነው። መድፋት አልችልም፣ እንቁራሪት መግደል ክልክል ነው በእኛ። ማስቀመጥ አልችልም። ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?” ዞር ብለው ልጆቹን አዩ። “ማነው ሮቶው ላይ የወጣው? መሰላሉን ማን ሰጣችሁ?”

ቀዳማዊ ቀስ ብሎ “አይተን እንመልሳለን” አለ።

“ወላሂ እናንተ መልሳችሁልኛል” አሉ ጋሽ ጀላል።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወላጆችና ኮሚቴው በኬጂው ግቢ ተሰበሰቡ፤ ትልልቅ ሰዎች የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ጋሽ በየነ አልተቀመጡም።

“እኔ ለቲቸር ጊዜ ሰጥቻታለሁ፣ እሷው ምስክር ናት። ጊዜው ሮቶ ውስጥ ገባ። በቃ። በዚህ ቅዳሜ ዘይቱ ይፈሳል።”

“አይፈስም” አሉ ጋሽ ጀላል።

ሁሉም ዞረው አዩአቸው። ሃፊዛም አየቻቸው፤ ከጠዋቱ ባልዲ በኋላ ይህን ከእሳቸው አልጠበቀችም።

“ዘይት ማፍሰስ መግደል ነው። እስከዛሬ አላስተዋልነውም፣ ውስጡ ያለውን አላየነውም። አሁን በእጄ ቆጥሬ ነው ያወጣኋቸው፣ አላወቅሁም ማለት አልችልም። የመስጊዱ ወጣቶች ለዘይቱ እጃቸውን አያስገቡም።”

የዘመቻው ጉልበት የመስጊዱ ወጣቶች ናቸው። ጋሽ በየነ አሰቡበት። ሃፊዛ ተስፋ አደረገች። ባታደርግ ይሻላት ነበር።

“እሺ” አሉ ጋሽ በየነ። “ዘይት ይቅር። እንሙላው።”

“ምን?”

“ጉድጓዱን እንሙላው። መንገድ ዳር ከፈረሱት ቤቶች የወጣ ፍርስራሽ መጣያ ጠፍቶለታል፤ ገልባጩ ራሱ መጥቶ ይደፋልናል። ውሃ የለም፣ ቢንቢ የለም፣ ሮቶ ውስጥ የሚገባ የለም። እንቁራሪቷም አትሞትም፣ ድምፁን ስትሰማ ትወጣለች። እግር አላት።”

“ትልልቆቹ አላቸው” አለች ሃፊዛ። “ትንንሾቹ ገና ናቸው ነው የምልዎት። ከመጀመሪያው የምልዎት እሱን ነው።”

ጋሽ ጀላል ጢማቸውን አሹ። “መሙላት… መሙላት እንኳ መግደል አይባልም። ሰው ቤት ሲሠራም ይሞላል።”

“ውሃው ሲጠፋባቸው የት ይሄዳሉ?”

“አላህ ያውቃል” አሉ ጋሽ ጀላል።

“ጌታ ያውቃል” አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። በዚህ ጉዳይ ሃይማኖት አልለያቸውም።

ሰው ሁሉ ከትንንሹ ወንበር እየተነሣ ሱሪውንና ቀሚሱን አራገፈ። ሁሉም ተደስቷል፤ ማንም አልገደለም፣ ቢንቢውም ሊሄድ ነው። እንዲህ ዓይነት ስምምነት ሰፈራችን ውስጥ በየቀኑ አይገኝም። ሃፊዛ ብቻ ቆማ ቀረች፣ የጋሽ ጀላልን ባልዲ ይዛ።

ኑሕ ያን ዕለት ማታ ከእሷ ጋር አልተከራከረም። ጋራዡ ጓሮ አናቱ ተሰንጥቆ ለዓመታት የተጣለ ሮቶ ነበር፤ በማግስቱ ወገቡን በግራይንደር ቆርጦ የታችኛውን ግማሽ በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስሮ አመጣው። የተቆረጠውን ጠርዝ ልጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ አለሰለሰው፣ በላዩ የተሰነጠቀ ጎማ አለበሰው። ወይዘሮ ድንቅነሽ ግቢው ጥግ ላይ እንዲቀበር የፈቀዱት ከብዙ ንግግር በኋላ ነው።

“ልጅ ቢወድቅበትስ?”

“በዶሮ ሽቦ እንከድነዋለን።”

“ሽቦው ቢቧጭርስ?”

“እትዬ ድንቄ፣ ልጆቹ የመስጊድ ሮቶ ላይ ወጥተዋል። ይኼ ከመሬት እኩል ነው።”

ሮቶው ተቀበረ። ከኩሬው በባልዲ ውሃ ቀዱበት፣ ከጭቃውም ከሣሩም ጨመሩበት፣ የጋሽ ጀላልን ባልዲም ገለበጡበት። በአንድ በኩል ድንጋይ በደረጃ ደረደረች። እግር ያበቀለ እንቁራሪት መወጣጫ ካላገኘ ውሃው ውስጥ ይሰጥማል፤ ይህን ለኑሕ ስትነግረው አላመናትም፣ ግን ድንጋዩን ተሸክሞ አመጣ። ከዚያ ልጆቹ በገመድ እየሄዱ በሳፋ ማጓጓዝ ጀመሩ። ጉድጓዱ የሚሞላው ቅዳሜ ስለሆነ ሥራውን እስከዚያ ድረስ ከፋፈለችው፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ በመጨረሻ ጥልቁን።

ገልባጩ የመጣው ዓርብ ነው። ሾፌሩ ቅዳሜ ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ነው፤ ለጋሽ በየነም የደወለው መንገድ ላይ ሆኖ ነው።

ልጆቹ ራቅ ብለው ገመዱን ይዘው ቆመው አዩ። ጡብ፣ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የግድግዳ ቁራጭ ወረደ። ውሃው መጀመሪያ ከፍ አለ፣ እስከ አጥሩ ደረሰ፣ ከዚያ በፍርስራሹ ውስጥ እየጠለቀ ሄደ። ትልልቆቹ እንቁራሪቶች በየአቅጣጫው ዘለሉ።

“አየሽ?” አሉ ጋሽ በየነ ደስ ብሏቸው። “ወጡ እኮ። አላልኩሽም?”

ሃፊዛ ወደ መሀሉ አየች። ልጆቹ ከዚያ ገና አልቀዱም ነበር። ብዙዎቹ እዚያ ነበሩ።

“ቲቸር” አለች ሀያቱ፣ “የእኛዎቹ ስንት ናቸው?”

“አልቆጠርኳቸውም።”

“ትንሽ ናቸው?”

“አዎ።”

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ ነው። በግማሹ ሮቶ ውስጥ ያሉት አደጉ። መጀመሪያ የኋላ እግር መጣ፣ ከዚያ የፊቱ፣ ጅራቱ እያጠረ ሄደ። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት በዶሮ ሽቦው ላይ ተደፍተው ያያሉ፤ ዘመነች ሳትቀር አንድ ቀን ልጇን ልትወስድ መጥታ ጫማዋን አውልቃ ተደፋች። “ይኼኛው ክንድ አወጣ” አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ወዲያው ግን ቀና ብላ “እንግሊዝኛውስ?” አለች። ልጁ “ሌግ” አለ።

የመጀመሪያዋ እንቁራሪት በድንጋዩ ደረጃ የወጣችው ጠዋት ነው። የጥፍር ያህል ናት። ልጆቹ እጃቸውን አርጥበው ጠበቁ፤ ሊይዟት ሳይሆን ለማንኛውም ብለው ነው። ዘለለች፣ አረፈች፣ ዘለለች፣ በግንቡ ቀዳዳ ገባች። ከግንቡ ወዲያ ኩሬው ነው፣ ማለት የነበረው። በቀዳዳው አዩአት፤ ሰማያዊው የግድግዳ ቁራጭ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ፀሐይ ነበር።

“ቲቸር፣ ውሃው የት ሄደ?” አለ ቀዳማዊ።

ሃፊዛ ስለ እንቁራሪት የሚጠየቅ ነገር ሁሉ መልስ አላት። ይህ ስለ እንቁራሪት አልነበረም። ገመዱን ከሚስማሩ አወረደች።

“እኔ አይደለሁም ጉድጓዱን የሞላሁት” አለች። “የሞሉትን እንጠይቃቸው። ቋጠሯችሁን ያዙ።”

ጋሽ በየነ ኪዮስካቸው ውስጥ የሞባይል ካርድ እየሸጡ ነበር። ገዢው ዞር ሲል ገመዱ ከበሩ እስከ መታጠፊያው ተዘርግቷል፤ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ቆመው ያያሉ። የፊተኛውን ቋጠሮ የያዘው ቀዳማዊ ነው።

“አባባ፣ ወጣች። ውሃ የላትም።”

“ቲቸራችሁ ሮቶ ሠርታላቸው የለ?”

“ከሮቶው ወጥታ ነው እኮ። እግር አበቀለች። ወደ ቤቷ ሄደች፣ ቤቷ የለም።”

ጋሽ በየነ ሃፊዛን አዩአት። “አንቺ ነሽ ያስጠናሻቸው?”

“ጥያቄ ጠየቁኝ። መልሱ እርስዎ ጋ ነው ብዬ አመጣኋቸው።”

ከታክሲ ጠባቂዎቹ አንዱ “ጋሼ፣ መልስ ስጧቸው እንጂ፣ ልጆቹ ፀሐይ እየመታቸው ነው” አለ። ሌላው ሳቀ። ጋሽ በየነ የኪዮስኩን መስኮት ዘጉና ወጡ።

ከእነሱ ጋር ሄደው በግንቡ ቀዳዳ አዩ። እንቁራሪቷ የለችም፣ ሄዳለች። ነገር ግን ከግንቡ ሥር በኩል ያለው ጥግ አልተሞላም ነበር፤ ገልባጩ አልተመለሰም፣ ማንም አላስታወሰውም። አንድ ምንጣፍ የሚያክል ውሃ ቀርቷል። ጋሽ በየነ በጣታቸው አሳዩ።

“ይኼን አልሞላውም። እስከ ክረምት ድረስ አልነካውም፤ በልጅ ልጄ ፊት ነው የምናገረው።”

“ከክረምት በኋላስ?” አለች ሃፊዛ።

“ከክረምት በኋላ እንነጋገራለን።”

“ዘይትስ? በዘመቻው ዘይት አይፈስበትም?”

ጋሽ በየነ ኮታቸውን አስተካከሉ። “እኔ ስለ አፈር ነው የተናገርኩት። ስለ ዘይት የተናገርኩት ነገር የለም። ቢንቢ ከመጣ ሕዝቡ ይጠይቀኛል።”

“ጋሽ ጀላል…”

“ጀላል ከነወጣቶቹ አይገባም። የቀረው ሕዝብ አለ።”

እንዲህ ብለው ወደ ኪዮስካቸው ተመለሱ። ልጆቹ አሸንፈናል ብለው በገመዱ ላይ እየዘለሉ ሄዱ፣ ሃፊዛም አላስቆመቻቸውም።

ማታ ኑሕ ሲገባ ሃፊዛ የሻይ ማጥለያውን እያጠበች ነበር።

“ከእናንተ ጋራዥ ለዘመቻው አንዲት ጠብታ ዘይት እንዳይወጣ።”

“ከእኛ አይወጣም። ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል።” እጁን አደረቀ። “ግን ነግሬሻለሁ፤ አየር ጤና ላይ ስንት ጋራዥ እንዳለ ታውቂያለሽ።”

ታውቃለች። ማጥለያውን ከሳፋው ውስጥ አስቀመጠችና በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ አየች።

“የሚቀጥለው ትምህርት ምን መሰለህ?” አለችው። “መጓጓዣ ነው። ልጆቹ መኪና እንዴት እንደሚጠገን ማየት አለባቸው። ባለጋራዦቹንም መጠየቅ አለባቸው፣ ዘይቱ ከመኪናው ወጥቶ የት እንደሚሄድ።”

“ከነገመዱ?”

“ከነገመዱ።”

“የትኛው ጋራዥ ነው የምትወስጃቸው?”

“በየተራ ነው” አለች ሃፊዛ። “ሁሉም ጋ።”